ባለ አራት ልኬት ኩብ ሲዘረጋ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጠረጴዛዬ ላይ መስቀል የሚመስል ነገር ቆሟል። ከወረቀት የሠራኋቸውን ስምንት ኩቦች በፕላስተር አያይዤ ነው። አራቱ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድረዋል። የቀሩት አራቱ ደግሞ ከላይ ሁለተኛ ያለውን ኩብ በአራቱም ጎን ከበውታል። ይህ የቴሰራክት፣ ማለትም ከርዝመት፣ ከወርድና ከከፍታ ሌላ አራተኛ አቅጣጫ ያለው ኩብ ዝርግ (ተቆርጦ ሲዘረጋ የሚሰጠው ቅርጽ) ነው። እዚህ እስክደርስ ብዙ ተሳስቻለሁ።

ካርቶኑን መዝለል። መጀመሪያ ተራ ካርቶን በመቀስ ዘርጉ። ኩብ ከሆነ 12 ጠርዝ አለው። 7ቱን ቆርጣችሁ 5ቱን ስትተዉ ስድስቱ ካሬዎች ወለሉ ላይ ይነጠፋሉ። ቴሰራክት ላይ የሚቆረጠው ጠርዝ ሳይሆን ካሬ ገጽ ነው። 24 ገጽ አለው፤ 17ቱ ይቆረጣሉ፣ 7ቱ ይቀራሉ።

ኩቦቹን የውስጥ ዕቃ ማድረግ። ስምንቱ ኩቦች ቴሰራክቱን አይሞሉትም። ልጣጩ ናቸው። ካርቶንም ስድስት ካሬ ሆኖ ውስጡ ባዶ ነው።

የተቆረጠውን መርሳት። እኔን በጣም ያሞኘኝ ይሄ ነው። መስቀሌ ላይ 34 ካሬዎች ወደ ውጭ ይታያሉ፤ እያንዳንዳቸው ግን ጥንድ አላቸው። ማርከር አንስቼ ጥንዶቹን አንድ ዓይነት ቁጥር ጻፍኩባቸው። ያኔ ነገሩ ተገለጠልኝ። የላይኛው ኩብ ጣሪያና የታችኛው ኩብ ወለል አንድ ገጽ ናቸው። ስለዚህ ዝንብ ኩቦቹ ውስጥ ገብታ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ብትበር፣ አራት ኩብ አልፋ መነሻዋ ላይ ናት! የታችኛው ኩብ ደግሞ ብቸኛ ይመስላል እንጂ አራቱ ክንፎች፣ ማለትም በጎን ያሉት ኩቦች፣ የውጭ ገጻቸውን የሚያጣብቁት ከእሱ ጎኖች ጋር ነው። ጭራሽ የማይነካው ክንፎቹ የከበቡትን የመሃሉን ኩብ ብቻ ነው፤ ተቃራኒው ስለሆነ።

ኩቦቹ ሲታጠፉ ይጨማደዳሉ ማለት። ካርቶን የሚታጠፈው መስመር ላይ ነው። እዚህ ግን ማጠፊያው ራሱ ሙሉ ካሬ ነው። ኩቡ ሳይጣመም ከእኛ ዓለም ይወጣል፤ እኛ ጋ የሚቀረው ያ ካሬ ብቻ ነው። እጃችሁ ላይ ያለውን ወረቀት በጉልበት ለማጠፍ አትድከሙ።

ከጥላው ጋር ማምታታት። «ኩብ ውስጥ ትንሽ ኩብ» ያለበት የታወቀው ሥዕል ዝርግ አይደለም፣ ጥላ ነው። ውስጠኛው ኩብ በእውነቱ ትንሽ አይደለም። ጥላ ግንኙነቱን ያሳያል፣ ልኩን ግን ያዛባል። ዝርግ ልኩን ይጠብቃል፣ ግንኙነቱን ግን ይበጥሳል።

መስቀሉ ብቻ ነው ብሎ ማመን። ለዚህ ሠዓሊው ሳልቫዶር ዳሊም ተጠያቂ ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. ስቅለትን ሲሥል መስቀሉን ያደረገው ይህንን ዝርግ ነው፤ ሥዕሉ ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል። ሆኖም ተራ ኩብ 11 ዓይነት ዝርግ ሲኖረው ቴሰራክት 261 አለው። ያም ሆኖ እንዳገኙ መደርደር አይሠራም። ስምንቱን በአንድ ረድፍ ብታሰልፏቸው አምስተኛው ሲታጠፍ የመጀመሪያው ላይ ይደረባል።