የንባብ መዝገባችሁ ሺት ላይ ሲበላሽ፦ ችግርና መፍትሄ

ያነበብነውን መጽሐፍ በኤክሴል ወይም በጎግል ሺትስ መመዝገብ ደስ የሚል ልማድ ነው። ነገር ግን እነዚህ ፕሮግራሞች ሲሠሩ ፊደላችን፣ የስም አሰያየማችንና ዘመን አቆጣጠራችን ታስቦባቸው አልነበረም። ብዙው ብልሽት የሚመጣውም ከዚሁ ነው። ስለዚህ "እኔ ኮምፒውተር አይሆንልኝም" ብላችሁ መዝገቡን አትተዉት። ከምታዩት ምልክት ተነሱ።

መዝግቤዋለሁ፤ ስፈልገው ግን የለም

ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው ይሄኛው ነው። አንድ ቀን "ሐዲስ ዓለማየሁ" ብላችሁ ጽፋችኋል፤ ሌላ ቀን "ሀዲስ አለማየሁ"። ለእኛ ያው አንድ ደራሲ ናቸው፤ ለሺቱ ግን ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ዛሬ በድምፅ አንድ ቢሆኑም ኮምፒውተሩ ውስጥ እያንዳንዳቸው የራሳቸው መለያ ቁጥር አላቸው። ሀ እና ሃ ሳይቀሩ ይለያያሉ። ስለዚህ ፍለጋው ባዶ ይመልሳል፤ ፊልተር ስታደርጉ ደራሲው ሁለት ቦታ ይወጣል፤ "ሪሙቭ ዱፕሊኬትስ" ስትሉት ድግግሞሹን አይቶ ያልፈዋል። በፊደል ተራ ስትደረድሩ ደግሞ ሀ ከላይ ይሆንና ኀ ብዙ ረድፍ ወርዶ ይገኛል።

መፍትሄው ሁለት ነው፤ ሁለቱንም ብታደርጉ ጥሩ ነው። በመጀመሪያ ሌላ ሺት ላይ የደራሲዎች ዝርዝር አውጡ። እያንዳንዱን ስም አንዴ ብቻ፣ መጽሐፉ ሽፋን ላይ እንደታተመው ጻፉ። ከዚያ በ"ዳታ ቫሊዴሽን" የደራሲው ዓምድ ከዚያ ዝርዝር ብቻ እንዲያስመርጥ አድርጉት። ስሙን በየጊዜው ከመጻፍ ትገላገላላችሁ።

ቀጥሎ "መፈለጊያ" የሚል አንድ ዓምድ ጨምሩ። እዚያ የመጽሐፉንና የደራሲውን ስም በሀ፣ በሰ፣ በአ እና በጸ ብቻ ጻፉ። ስትፈልጉም በእነዚሁ ፊደሎች ፈልጉ። ቀመር የምትወዱ "ሰብስቲቲዩት" በሚባለው ማስለወጥ ትችላላችሁ፤ ግን እያንዳንዱ ፊደል ከነእርባታው መለወጥ ስላለበት ቀመሩ ይረዝማል። ዝርዝራችሁ አጭር ከሆነ በእጅ መጻፉ ይቀላል። አደራ የምለው አንድ ነገር አለ፦ ዋናው የርዕስ ዓምድ ላይ "ሪፕሌስ ኦል" አትጫኑ። ደራሲው ርዕሱን በሠ ከጻፈው በሠ ይቆይለት።

ፊደሉ አንድ ሆኖም ካልተገኘ ክፍተቱን እዩ። "ገብረ መድኅን" እና "ገብረመድኅን" አይገናኙም። ከስሙ መጨረሻ የቀረች የማትታይ ባዶ ቦታም ታሳስታለች፤ እሷን "ትሪም" የሚባለው ቀመር ያጸዳታል።

ደራሲው በአባቱ ስም ተደርድሯል

ከኢንተርኔት የወረደ ቅጽ "ስም" እና "የቤተሰብ ስም" የሚሉ ሁለት ዓምዶች ይዞ ይመጣል። የእኛ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው። ሁለቱን ዓምዶች አንድ አድርጓቸው። አለቃ፣ ደጃዝማች፣ ዶክተር የመሳሰለውን ማዕረግ ለብቻው አስቀምጡ፤ ያለዚያ ግማሹ ደራሲ "ዶ" ሥር ይሰበሰባል።

ቀኑ ራሱን ይለውጣል፣ ወይም አልቆጠር ይላል

ምልክቱ ይለያያል። ጳጉሜን 5 ቀን 2016ን 5/13/2016 ብላችሁ ስትጽፉ፣ የአሜሪካ አቀማመጥ ያለው ሺት እንደ ሜይ 13 ያነበዋል። ቀኑን በሚያስቀድም አቀማመጥ ደግሞ ጥቅምት 30፣ ማለትም 30/2፣ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይያዝና ወደ ግራ ይጠጋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ምንም ምልክት የማያሳየው ነው። ከመስከረም 30 እስከ ጥቅምት 1 አንድ ቀን ነው፤ ሺቱ ግን ጃንዋሪ 30 እና ፌብሩዋሪ 1 መስሎት ሁለት ይላችኋል። አንድን መጽሐፍ በስንት ቀን እንደጨረሳችሁ የምትቆጥሩ ከሆነ ድምሩ ሁሉ ይዛባል።

በፈረንጆቹ ቀን መመዝገብ ለሚመቸው ችግሩ እዚያው ያልቃል። በእኛ ለሚመዘግብ ግን ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት ዓምድ፣ በተራ ቁጥር ይቀመጡ። ከዚያ እንዲህ ያለ ቀመር ሥሩ፦ ዓመቱን በ365 አባዙ፤ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል የሚወጣውን ሙሉ ቁጥር ብቻ ጨምሩ፤ ከወሩ 1 ቀንሳችሁ በ30 አባዙና ጨምሩ፤ በመጨረሻ ቀኑን ደምሩ። የጀመራችሁበትን ውጤት ከጨረሳችሁበት ስትቀንሱ የቀኑ ብዛት ይወጣል። ጳጉሜን 3 ቀን 2015 ተጀምሮ መስከረም 4 ቀን 2016 ላለቀ መጽሐፍ 7 ይሰጣችኋል። የ2015 ጳጉሜን 6 ቀን እንደነበረች ቀመሩ ራሱ ያውቃል።

የኅትመት ዓመትም እንዲሁ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. 1965 ወይም 1966 ሊሆን ይችላል፤ ከታኅሣሥ ማገባደጃ በፊት ከሆነ ልዩነቱ 7 ነው፣ ከዚያ በኋላ 8። ወሩን ካላወቃችሁ አትቀይሩት። መጽሐፉ ላይ ያለውን ዓመት ጽፋችሁ አጠገቡ "ዓ.ም." ወይም "እ.ኤ.አ." የሚያስመርጥ ዓምድ ጨምሩ።

የገጹ ድምር አንሷል

"320 ገጽ" ብላችሁ የጻፋችሁበት ሴል አለ። ድምሩ ጽሑፍን ስህተት ሳያሳይ ይዘለዋል። በግዕዝ አኀዝ የተጻፈም አይደመርም። ቁጥሩን ብቻ ተዉ፤ "ገጽ" የሚለው ከዓምዱ አናት ላይ ይጻፍ።

አማርኛው ወደማይነበብ ምልክት ተቀየረ

ጉድሪድስ ከሚባለው የአንባቢዎች ድረ ገጽ ያወረዳችሁትን የሲኤስቪ ፋይል (ዓምዶቹ በኮማ የተለዩ ተራ የጽሑፍ ፋይል) በኤክሴል ስትከፍቱ የሚያጋጥም ነው። መጀመሪያ ያያችሁትን ለዩ። እንግዳ የላቲን ፊደሎች ከተዘበራረቁ ፋይሉ ደህና ነው፤ ኤክሴል ያነበበበት መንገድ ነው የተሳሳተው። ሴቭ ሳታደርጉ ዝጉት። ከዚያ "ዳታ" ውስጥ ገብታችሁ ከጽሑፍ ፋይል አስገባ የሚለውን ምረጡና ኮዱን "65001 ዩቲኤፍ-8" አድርጉት። የጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሮ የምታዩ ከሆነ ግን ፊደሉ ሴቭ ሲደረግ ጠፍቷል። ከዚያ ፋይል አይመለስም፤ ዋናውን እንደገና አውርዱ። ወደፊት ሴቭ ስታደርጉ ከሲኤስቪ አማራጮች ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ምረጡ።

ርዕሱ ከሌላ ሰው ስም አጠገብ ሄደ

አንዱን ዓምድ ብቻ መርጣችሁ ደርድራችኋል፣ ወይም ሠንጠረዡ መሀል ባዶ ዓምድ ስላለ ኤክሴል እዚያ ያለቀ መስሎታል። ወዲያው ከሆነ "አንዱ" (Undo) የሚባለው ትእዛዝ ይመልሰዋል። ከቆየ በጎግል ሺትስ "ቨርዥን ሂስትሪ" ውስጥ ገብታችሁ ካልተበላሸው ቀን ቅጂ መልሱ። ባዶውን ዓምድም አጥፉት።

የአይኤስቢኤን (የመጽሐፍ ዓለም አቀፍ መለያ) ቁጥሩ ተጨማደደ ወይም መነሻው ዜሮ ጠፋ

ዓምዱን ቁጥሩን ከማስገባታችሁ በፊት "ቴክስት" አድርጉት። በ978-99944 የሚጀምሩት የኢትዮጵያ ናቸው። ድሮ የታተሙ ብዙ መጻሕፍት ግን ይህ ቁጥር የላቸውም፤ ስለዚህ መለያችሁ እሱ አይሁን። የራሳችሁን ተራ ቁጥር ስጡ።

ሺቱ ደህና ነው፤ መመዝገብ ግን ከቆመ ቆየ

ዓምዶቹን ቁጠሩ። ዘውግ፣ ዋጋ፣ አሳታሚ፣ ኮከብ፣ የሽፋን ቀለም ሳይቀር የሚጠይቅ መዝገብ ያሰለቻል። ርዕስ፣ ደራሲ፣ የተጀመረበት፣ ያለቀበት፣ አንድ መስመር ማስታወሻ፤ ይሄ ይበቃል። መጽሐፍ የምታዋሱ ከሆነ "ማን ጋ ነው" የሚል ጨምሩ፤ እሱ ዓምድ ብዙ መጽሐፍ ያስመልሳል። ሌሎቹን አታጥፏቸው፤ ሸሽጓቸውና ስትፈልጓቸው ክፈቷቸው።