ፎቶሾፕ ሲኤስ6 በ4ኬ ስክሪን፦ የደቀቁት አይከኖች መፍትሔ

የቆየው የፎቶሾፕ ቨርዥን ሲኤስ6 የዊንዶውስን ስኬሊንግ (ጽሑፍና አይከን የሚያጎላውን ቅንብር) አይከተልም። ስለዚህ 3840 በ2160 በሆነ የ15 ኢንች ላፕቶፕ ላይ ሜኑውም አይከኑም ጉንዳን ያክላል። ሬዞሉሽኑን ወደ 1920 በ1080 ማውረድ ይሠራል፤ ግን ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ ያደበዝዛል።

በዊንዶውስ 10 የሠራው ይህ ነው፦ ፎቶሾፕን ዝጉ። የማስጀመሪያ ፋይሉን (Photoshop.exe) በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ ፕሮፐርቲስ፣ ኮምፓቲቢሊቲ፣ ከዚያ «ቼንጅ ሃይ ዲፒአይ ሴቲንግስ» ግቡ። ከታች «ኦቨርራይድ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጉና «ሲስተም»ን ምረጡ። «አፕሊኬሽን» ላይ ከተዋችሁት ምንም አይለወጥም።

ጉዳቱ፣ ዊንዶውስ መስኮቱን በሙሉ ስለሚያጎላ ፎቶውም አብሮ ይለጠጣል። ስኬሊንጉ 200% ሲሆን አንዱ የፎቶ ፒክስል የስክሪኑን አራት ፒክስል ይይዛል። ስለዚህ ሻርፕነስን እዚያው አትፍረዱ፤ ሴቭ አድርጋችሁ በሌላ የፎቶ ማሳያ በ100% እዩት። አዳዲሶቹ የሲሲ (ክሪኤቲቭ ክላውድ) ቨርዥኖች ይህ ሁሉ ጣጣ የለባቸውም፦ ፕሪፈረንስ፣ ኢንተርፌስ፣ ዩአይ ስኬሊንግ 200%፣ ከዚያ ዘግቶ መክፈት።