ተማሪዎች በኦንላይን በጋራ የጻፉትን ሥራ እንዴት ማረም ይቻላል?

የመጨረሻው ገጽ ማን ምን እንደሠራ አይናገርም። አንዱ አብዛኛውን ጽፎ፣ ሌላው ስሙን ብቻ አስገብቶ እኩል ማርክ ቢወስዱ ለሁለቱም አይበጅም። ስለዚህ ዝግጅቱ የሚጀምረው ሥራው ከመሰጠቱ በፊት ነው።

ፋይሉን እርስዎ ይክፈቱ። በጎግል ዶክስ ለየቡድኑ አንድ ሰነድ ፈጥረው ለአባላቱ በየኢሜይላቸው የመጻፍና የመለወጥ ፈቃድ ይስጡ። ሊንኩ ላለው ሁሉ ክፍት ካደረጉት፣ አካውንቱ ውስጥ ሳይገባ የጻፈ ተማሪ ስሙ አይመዘገብም። ኮፒ እንዳያስረክቡም ይንገሯቸው፤ የለውጡ ታሪክ ከኮፒው ጋር አይሄድም። ቡድኑ ከ3 እስከ 4 ሰው ቢሆን ይበቃል።

የማርክ ክፍፍሉን ከጥያቄው ጋር አብረው ያሳውቁ። ከ100 ቢታሰብ 50 ለጽሑፉ በጋራ፣ 30 ለግል ድርሻ፣ 10 ለእርስ በርስ ግምገማ፣ 10 ለቃል ጥያቄ ቢሆን ሚዛኑን ይጠብቃል። የጽሑፉ ቢጋር (የሚጻፈው ነገር አጭር ዕቅድ)፣ የመጀመሪያው ረቂቅና የመጨረሻው ጽሑፍ የየራሳቸው ቀን ይኑራቸው፤ አለዚያ ሁሉም ነገር በመጨረሻው ሌሊት ይሠራል።

ሲያርሙ ከፋይል ሜኑ የስሪት ታሪክን (Version history)፣ ማለትም ማን መቼ ምን እንደለወጠ የሚያሳየውን ዝርዝር ይክፈቱ። የእያንዳንዱ ተማሪ ለውጥ በራሱ ቀለም ይታያል። እዚህ ላይ ብዙ መምህራን የሚሳሳቱት ቃል በመቁጠር ነው። አንዷ 40 ቃል ብቻ ጨምራ ይሆናል፤ ነገር ግን ሦስተኛውን አንቀጽ ወደ መጀመሪያ አምጥታ፣ ድግግሞሹን ሰርዛ፣ በኮሜንት «ማስረጃው የታለ?» ብላ ጓደኛዋን አሳርማ ከሆነ ጽሑፉን ያቆመችው እሷ ናት። በተቃራኒው 600 ቃል በአንድ ጊዜ ዱብ ካለ ከሌላ ቦታ ተለጥፎ ሊሆን ይችላል። ተማሪው ሌላ ፋይል ላይ ራሱ ጽፎትም ሊሆን ስለሚችል፣ ማርክ ከመቀነስዎ በፊት የመጀመሪያ ረቂቁን ይጠይቁት። አንድ ኮምፒውተር ላይ አብረው ከሠሩም ታሪኩ የሚያሳየው የአንዱን ስም ብቻ ነው፤ ተማሪዎቹ የነበሩትን ሰዎችና የየድርሻቸውን በዕለቱ ከሰነዱ ግርጌ እንዲጽፉ ያድርጉ።

የእርስ በርስ ግምገማው በምስጢር ይሁን። ቁጥር ብቻ ከጠየቁ ሁሉም ለሁሉም ሙሉ ይሰጣል፤ «ጓደኛህ ያሻሻለውን አንድ ቦታ ጥቀስ» ቢሉ ግን የሚጠቅሰው ያጣ ተማሪ ይለያል።

በመጨረሻ ለየተማሪው 5 ደቂቃ ሰጥተው፣ ራሱ ስላልጻፈው አንቀጽ ይጠይቁት። የጓደኛውን ክፍል ማስረዳት ካልቻለ የሚቀነሰው ከራሱ 10 ነው፤ የቡድኑን 50 አይንኩ።