"ለሴቶች አይሠራም" ከማለታችሁ በፊት፦ የንዑስ ቡድን ትንተና እንዴት ይሠራል?

ባለፈው ቅዳሜ ቸርችል ጎዳና ላይ ካፌ ቁጭ ብለናል። የማስተርስ ጽሑፏን የምትሠራ ጓደኛዬ ላፕቶፗን ወደ እኔ አዞረችና "አየህ፣ መድኃኒቱ ለወንዶች ይሠራል፣ ለሴቶች ግን አይሠራም" አለችኝ። በምን አወቅሽ? "ፒ-ቫልዩው ለወንዶች 0.03፣ ለሴቶች 0.32!" (ፒ-ቫልዩ ማለት መድኃኒቱ ምንም ባይሠራ ኖሮ እንዲህ ያለ ወይም ከዚህ የሰፋ ልዩነት በአጋጣሚ የሚታይበት ዕድል ነው፤ በተለመደው መስፈርት ከ0.05 ማነስ አለበት።)

ሕሙማንን እንዲህ በቡድን ከፋፍሎ ማየት የንዑስ ቡድን ትንተና ይባላል፤ ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው። ሁለት ፒ-ቫልዩ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ማነጻጸር አይደለም። የሚነጻጸረው መድኃኒቱ ያመጣው ለውጥ ራሱ ነው። የማኪያቶውን ደረሰኝ ገልብጬ ጀርባው ላይ አሳየኋት፤ ለእናንተም ላሳያችሁ።

ማን ምን እንደሚወስድ በዕጣ ተለይቶ፣ ከወንዶቹ 300 መድኃኒት፣ 300 ማስመሰያ ክኒን ወሰዱ። ከመድኃኒቱ በኩል 10 በመቶ፣ ከማስመሰያው 16 በመቶ ሞቱ። ልዩነቱ 6። ሴቶቹ ያነሱ ናቸው፣ 150 በ150። 12 በመቶና 16 በመቶ፤ ልዩነቱ 4።

አሁን ስታንዳርድ ኤረር፣ ማለትም ልዩነቱ በአጋጣሚ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል የሚለካውን ቁጥር፣ እናውጣ። ለእያንዳንዱ ወገን የሞቱትን በመቶኛ በተረፉት በመቶኛ አባዙ፣ ለሰው ብዛት አካፍሉ፣ ከዚያ ሁለቱን ወገኖች ደምሩ። ለወንዶች፦ 10 ሲባዛ በ90፣ ለ300 ሲካፈል 3 ነው፤ 16 ሲባዛ በ84፣ ለ300 ሲካፈል 4.48፤ ድምሩ 7.48። ለሴቶች በዚሁ መንገድ ድምሩ 16 ይመጣል። የእነዚህ ካሬ ሩት ስታንዳርድ ኤረር ነው፦ ለወንዶች 2.7፣ ለሴቶች 4። የሴቶቹ የሰፋው በዋናነት ቁጥራቸው ስላነሰ ነው፤ ፒ-ቫልዩውን 0.32 ያደረሰውም በአብዛኛው ይኸው ነው።

ዋናው እርምጃ ቀጥሎ ያለው ነው፣ ኢንተራክሽን የሚባለው፦ የመድኃኒቱ ውጤት ከቡድን ቡድን ይለያያል ወይ ብሎ መፈተሽ። 6 ሲቀነስ 4፣ 2። 7.48 ሲደመር 16፣ 23.48፤ ካሬ ሩቱ 4.85። 2ን ለ4.85 ብታካፍሉ 0.41 ታገኛላችሁ። ልዩነቱ ቁም ነገር ነው ለማለት በተለመደው መስፈርት 1.96 መድረስ ነበረበት። ፒ-ቫልዩው 0.68 አካባቢ ነው። በቃ፣ ወንድና ሴት ይለያያሉ የሚያሰኝ ነገር የለም። ስታታና አር በተባሉት የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች ስትሠሩት መድኃኒቱንና ጾታን አባዝታችሁ ሞዴሉ ውስጥ መክተት ነው፤ ሐሳቡ ያው ነው።

ይሄ ሁሉ ግን ከስሌቱ በፊት የሚሠራ ሥራ አለው። የትኞቹን ቡድኖች እንደምታዩ፣ ለምን እንደምታዩና የት በኩል ልዩነት እንደምትጠብቁ ዳታውን ሳትከፍቱ ፕሮቶኮሉ (የጥናቱ ዕቅድ) ላይ ጻፉ። ጥቂት ይሁኑ። ምንም ልዩነት በሌለበት 10 የማይገናኙ ክፍፍሎችን ብትፈትሹ፣ ቢያንስ አንዱ በአጋጣሚ "ተገኘ" የሚላችሁ ዕድል 40 በመቶ ነው። 20 ከሆኑ 64 በመቶ።

የዚህን ነገር ምርጥ ቀልድ የሠሩት በ1988 ውጤቱ የታተመው አይሲስ-2 የተባለው ሙከራ ተመራማሪዎች ናቸው። ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ደርሶባቸዋል ተብለው የተጠረጠሩ 17,187 ሕሙማን ነበሩ፤ አስፕሪን በአምስት ሳምንት ውስጥ የልብና የደም ሥር ሞትን በ23 በመቶ ቀነሰ። እነሱ ግን ሰዎቹን በኮከባቸው ከፋፈሏቸው! ገውዝና ሚዛን ለሆኑት አስፕሪኑ ጭራሽ ትንሽ የሚጎዳ መሰለ። (የእኛ ደብተራ ኮከብ የሚቆጥረው ከራስና ከእናት ስም ነው፣ እነሱ ከልደት ቀን። በእኛ ቢቆጠር ደግሞ ሌላ ኮከብ ይወድቅ ነበር።) አሁን የልብ ሐኪም በሽተኛውን "ኮከብህ ምንድን ነው?" ሲል አስቡት።

ሌላው ወጥመድ፣ ሰውን ዕጣ ከወጣ በኋላ በሆነ ነገር መከፋፈል ነው። "መድኃኒቱን በደንብ የወሰዱትን ብቻ እንይ" ይላል አንዱ። በ1980 የታተመ የኮሌስትሮል መድኃኒት ሙከራ ላይ፣ ማስመሰያውን ክኒን በደንብ ከወሰዱት ውስጥ በአምስት ዓመት የሞቱት 15 በመቶ ሲሆኑ በደንብ ካልወሰዱት ግን 28 በመቶ ነበሩ። ባዶ ክኒን እኮ ነው! ክኒኑን በሥርዓት የሚውጥ ሰው ድሮውንም ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ክፍፍሉ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የበሽታ ደረጃ፣ ባጭሩ ከዕጣው በፊት የታወቀ ነገር ይሁን።

ልዩነቱን የለካችሁት በእጥፍ ነው ወይስ በመቶኛ ነጥብ፣ መለኪያውንም ንገሩን። ከ40 በመቶ ወደ 20፣ ከ4 በመቶ ወደ 2፣ ሁለቱም በግማሽ ቀንሰዋል፤ ከመቶ ሰው የተረፉት ግን 20 እና 2 ናቸው። በአንዱ መለኪያ ልዩነት የለም፣ በሌላው አለ።

እውነተኛ ልዩነት የለም እያልኩ አይደለም። በ2009 የወጣው አይፓስ የሳንባ ካንሰር ሙከራ፣ ኢጂኤፍአር የተባለው ጂን ላይ ለውጥ ላላቸው ገፊቲኒብ ከኬሞ በልጦ በሽታው እንዳይገፋ ሲያዘገይ፣ ለውጡ ለሌላቸው ግን ከኬሞ በእጅጉ አነሰ። እዚያ ምክንያቱ ከባዮሎጂው ይታወቃል፣ የኢንተራክሽኑ ፒ-ቫልዩም ከ0.001 በታች ነው።

በተረፈ ኢንተራክሽን ሰው ይፈልጋል። ከዋናው ውጤት እኩል የሆነ ልዩነት ለመያዝ፣ ሙከራው ለዋናው ጥያቄ ካስፈለገው አራት እጥፍ ያህል ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ "ልዩነት አላገኘንም" እና "ልዩነት የለም" አንድ አይደሉም።

"ታዲያ ምዕራፍ አራትን ላፍርሰው?" አለች ጓደኛዬ ፊቷን ቋጥራ። አንዷን ዓረፍተ ነገር ብቻ አልኳት። እዚያው እንዲህ ብላ ቀየረችው፦ "መድኃኒቱ ሞትን በወንዶች በ6፣ በሴቶች በ4 የመቶኛ ነጥብ የቀነሰ ሲሆን፣ በጾታ ልዩነት ስለመኖሩ ማስረጃ አልተገኘም (የኢንተራክሽን ፒ-ቫልዩ 0.68)፤ የሴቶቹ ቁጥር ግን አነስተኛ ነው።" ደረሰኙንም አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።