አሮጌ የጦር ጠመንጃ ከመተኮስዎ በፊት፦ ሄድስፔስ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ባለፉት ዓመታት ከኢትዮጵያ መጋዘን የወጡ ካርካኖዎች፣ ሞዘሮችና ሌሎች አሮጌ የጦር ጠመንጃዎች አሜሪካ ገብተው በሕጋዊ መንገድ መሸጥ ሲጀምሩ፣ እዚህ ያለን ሐበሾችም «የአያቶቻችን ምንሽር» እያልን መግዛት ጀመርን። ሰደፉን አገላብጦ ማየት፣ ጥገናውን እየቆጠሩ ባለቤቱን መገመት ደስ ይላል። ለመተኮስ ሲታሰብ ግን በዓይን የማይታይ ጉዳይ አለ፤ ሄድስፔስ።

ሄድስፔስ ማለት መቀርቀሪያው ተቆልፎ ሳለ፣ ከመቀርቀሪያው ግንባር ጀምሮ ጥይቱ ወደፊት እንዳይሄድ እስከሚያቆመው ቦታ ያለው ርቀት ነው። ካርካኖና ሞዘር ላይ ጥይቱን የሚያቆመው የቀለሁ ትከሻ፣ ማለትም ወደ አንገቱ የሚጠብበት ቦታ ነው፤ እንግሊዝ ሠራሹ ሊ-ኤንፊልድ ላይ ግን የቀለሁ ግርጌ ዙሪያ ወጣ ብሎ ያለው ከንፈር። ይህ ርቀት ሲበዛ ጥይቱ ጓዳው ውስጥ፣ ማለትም በሚጎርስበት የበርሜሉ ክፍል ውስጥ ልቅ ይሆናል። መርፌው ሲመታው ወደፊት ይሸሻል። ባሩዱ ሲቀጣጠል የቀለሁ ቀጭን ግድግዳ ተነፍቶ ጓዳው ላይ ይጣበቃል፤ ወፍራሙ ግርጌ ግን ወደኋላ ተገፍቶ መቀርቀሪያው ላይ ያርፋል። መሀል የቀረው ናስ ከሁለቱም ወገን ይጎተታል። ሲብስ ይበጠስና ትኩሱ ጋዝ ወደ ተኳሹ ይመለሳል።

«ቁጥሩ ገጥሟል፣ ስለዚህ ደህና ነው» ማለት

የበርሜሉና የመቀርቀሪያው ቁጥር መመሳሰሉ ሁለቱ አብረው መኖራቸውን ይጠቁማል፤ አለማርጀታቸውን አይናገርም። በሶቪየት መጋዘኖች የታደሱ ብዙ ሞሲን የሚባሉ የሩሲያ ጠመንጃዎች ላይ ደግሞ ቁጥሩ በኋላ ተፍቆ እንደ አዲስ የተመታ ነው። ካርካኖ ላይማ ክርክሩም የለም፤ ጣሊያኖቹ መቀርቀሪያውን በጠመንጃው ቁጥር አይመቱትም ነበር። ጠመንጃው ሀገር አቋርጦ፣ መጋዘን ለመጋዘን ሲዞር መቀርቀሪያው ተለዋውጦ ሊሆን እንደሚችል አስበው ይነሡ።

ጎማ ላይ አስሮ በገመድ መተኮስ

ጠመንጃውን ጎማ ላይ አስረው፣ ከሩቅ ቃታውን በገመድ ስበው «አልፈነዳም፣ ደህና ነው» የሚሉ አሉ። አልፈነዳም ማለት አልፈነዳም ማለት ብቻ ነው። አዲስ ቀለህ ብዙ ልቅነት ችሎ አንዴ ሊያልፍ ይችላል። ከዚህ ሙከራ የሚጠቅመው ወድቆ የተገኘው ቀለህ ነው፤ እሱን ደግሞ ብዙ ሰው ሳያየው ይጥለዋል።

ጌጁን ሳያጸዱ፣ ሳይፈቱ፣ በጉልበት መጠቀም

ትልቁ ስህተት እዚህ ነው። ልኩ የሚታወቀው እንደ ጥይት ጓዳው ውስጥ በሚገቡ ሦስት የብረት መለኪያዎች (ጌጆች) ነው፤ አጭሩ ጎ፣ መካከለኛው ኖ-ጎ፣ ረጅሙ ፊልድ ይባላል። መቀርቀሪያው ጎ ላይ መዘጋት አለበት፤ ኖ-ጎ ላይ ባይዘጋ ጥሩ ነው፤ ፊልድ ላይ ግን መዘጋት የለበትም።

አንድ ጓደኛዬ ካርካኖ ገዝቶ ጋራዡ ውስጥ ለካነው። ኖ-ጎው ገባ፤ መቀርቀሪያው ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ተጨባበጥን። እኔ ግን ጌጁን ሳወጣው ትከሻው ላይ ቡናማ ነገር ተለጥፎ አየሁ፤ ለዘመናት የደረቀ የመጋዘን ግራሶ ነበር። ጓዳውን በሟሟና በብሩሽ አጥበን፣ መርፌውንና የቀለህ መጎተቻውን ከመቀርቀሪያው ፈትተን እንደገና ሞከርን። አሁን እጀታው በአንድ ጣት ክብደት ብቻ ዝቅ አለ። ያ ሁሉ ደስታ የግራሶ ነበር! ደግነቱ ፊልዱን አስገብተን ስንሞክር አልዘጋም።

ስለዚህ አስቀድመው ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ፤ ጓዳውን ያጽዱ፤ መርፌውንና መጎተቻውን ያውጡ፤ ከዚያ በሁለት ጣት ብቻ ቀስ አድርገው ይዝጉ። ጌጁ ጠንካራ ብረት ነው፤ ቢጫኑት የሚጎዳው የጠመንጃው ጓዳ ነው።

ኖ-ጎ ላይ ተዘጋ ብሎ ጠመንጃውን እንደ ሬሳ መቁጠርም ሌላ ስህተት ነው። ኖ-ጎ አዲስ ለተሠራ ወይም ለተጠገነ ጠመንጃ የወጣ ልክ ነው። ያገለገለው የሚዳኘው በፊልድ ነው። የእንግሊዝ ጦር ለ.303 ሊ-ኤንፊልድ ከ1.63 እስከ 1.88 ሚሊሜትር ይፈቅድ ነበር፤ ሩብ ሚሊሜትር መሆኑ ነው። ፊልድ ላይ ከተዘጋ ግን ክርክር የለም፤ ባለሙያ እስኪያየው አይተኮስም።

ቀለህ በተሰነጠቀ ቁጥር ሄድስፔስን መክሰስ

ሊ-ኤንፊልድ ያላቸው ሰዎች ዘወትር የሚያማርሩት ቀለሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ተሞልቶ ከግርጌው በላይ መቆረጡን ነው። ብዙ ጊዜ ጌጁን ሲያስገቡ ጠመንጃው ደህና ሆኖ ይገኛል። ምክንያቱ የጦር ጠመንጃ ጓዳ ጭቃና አቧራ ቢገባበትም ጥይት እንዲጎርስ ተብሎ ሰፋ ተደርጎ መቆረጡ ነው። ጥይቱን የሚይዘው ከንፈሩ ስለሆነ ትከሻው ፊት ለፊት ክፍት ቦታ አለ። ሲተኮስ ትከሻው ወደዚያ ይነፋል። ባለቤቱ ቀለሁን መልሶ ለመሙላት በማሽን ሲጨምቀው ትከሻው ወደኋላ ይመለሳል፤ በሚቀጥለው ተኩስ ደግሞ እንደገና ይለጠጣል። ሽቦን እያመላለሱ ሲያጥፉት እንደሚሰበረው ነው። እዚህ መታረም ያለበት የሰውየው ማሽን ነው፤ አንገቱን ብቻ ጨምቆ ትከሻውን ቢተወው ቀለሁ ብዙ ይቆያል።

ከመሰበሩ በፊት ለማወቅ የወረቀት መያዣ ሽቦ ጫፉን አጥፈው ሹል ያድርጉት፤ በቀለሁ አፍ አስገብተው የውስጡን ግድግዳ ከታች ወደላይ ይዳስሱ። ግርጌው አጠገብ ጫፉ ቦይ ውስጥ እንደገባ ቅርቅር ካለ ያንን ቀለህ ይጣሉት። ከውጭ የሚታየው ምልክት በዚያው ቦታ የሚዞር የሚያብለጨልጭ ቀለበት ነው።

የመቀርቀሪያ ጉጥ መሞረድ

«ትንሽ ሞርጄ ላስተካክለው» የሚል ሰው ያጋጥማል። ከሚቆልፉት ጉጦች ብረት ሲነሣ ርቀቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። አሮጌ ሞዘር ላይ ደግሞ ጠንካራው የላይኛው ሽፋን ስስ ነው፤ እሱ ከተፋቀ ከሥሩ ያለው ለስላሳ ብረት በየተኩሱ ይደቀደቃል።

ክፍል ቀይሮ አለመለካት

ሊ-ኤንፊልድ ቁጥር 4 ላይ የመቀርቀሪያው ራስ ተፈትቶ በረዘመ ይተካል፤ ከ0 እስከ 3 የተቆጠሩ ራሶች አሉት። ግን ቁጥሩን ብቻ አይመኑ፤ «2» ተብሎ ከተመታው ያጠረ «3» ይገኛል። በማይክሮሜትር ይለኩ፣ ገጥመው በጌጅ ይሞክሩ።

ሞዘር ላይ ይህ ምቾት የለም። መጀመሪያ ሌላ መቀርቀሪያ ይሞከራል። ካልሆነ ባለሙያ በርሜሉን ፈትቶ አንድ ሙሉ ዙር ወደኋላ ያስገባዋል፤ ሞዘር 98 ላይ ይህ 2.1 ሚሊሜትር ግድም ነው። ሙሉ ዙር የሚሆነው ማነጣጠሪያው ተመልሶ ወደላይ እንዲቆም ነው። ከዚያ ጓዳው በልኩ እንደገና ይቆረጣል፤ እንጨቱም ትንሽ መነካቱ አይቀርም። ዋጋው አንዳንዴ ከጠመንጃው ይበልጣል፤ ለሰብሳቢ ደግሞ ኦሪጅናልነቱ ቀረ።

የጓደኛዬን ካርካኖ ግን አልነካነውም። ፊልድ ላይ ስላልተዘጋ፣ አንድ ጊዜ ተተኩሶ የጓዳውን ቅርጽ የያዘ ቀለህ ትከሻውን ሳንነካ በልኩ እየሞላን ይተኩሳል። አንዱ ቀለህ ስድስተኛ ዙሩ ላይ ነው፤ ሽቦው እስካሁን ምንም አልያዘም።