የኬተ ኮልቪትስን የእርጅና ፊት ስታዩ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

ኬተ ኮልቪትስን በጣም ነው የምወዳት፣ በተለይ እድሜዋ ከገፋ በኋላ የራሷን ፊት ያተመችባቸውን ስራዎች። በፈረንጆቹ 1867 ተወልዳ 1945 ያረፈች ጀርመናዊት የህትመት አርቲስት ናት፣ በርሊን ውስጥ ድሃ ሰራተኞች በሚበዙበት ሰፈር ከሀኪም ባሏ ጋር ብዙ አመት ኖራለች። ስራዎቿን ስናይ ግን ሁላችንም የምንሰራቸው ስህተቶች አሉ፣ እኔም ጭምር።

የመጀመሪያው፣ ፊቷ ላይ ያለውን ሀዘን በሙሉ የልጇ ሞት ነው ብሎ መደምደም። ልክ ነው፣ ትንሹ ልጇ ፔተር ጥቅምት 1914 ቤልጂየም ውስጥ ጦርነት ላይ ሞቷል፣ ያውም አባትየው አይሄድም ሲል ለምና ያስፈቀደችለት እሷ ነበረች። ይሄ እድሜ ልኳን አልለቀቃትም። ግን እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ የሰራችውን ኤቺንግ (ብረት ላይ ተሰርቶ ወረቀት ላይ የሚታተም ምስል) እዩት፣ የ1910 ነው፣ ልጁ ገና በህይወት እያለ፣ ያ ክብደት ግን ያኔም አለ። ስለዚህ መጀመሪያ አመተ ምህረቱን እዩ፣ ከዛ ታሪኩን አምጡ።

ሁለተኛው ደግሞ ሁሉንም "ስዕል" ብሎ ማለፍ፣ እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ኤቺንግ ላይ መስመሩ ብረት ላይ በመርፌ ተጭሮ በአሲድ የተበላ ነው፣ ቀጭንና ሹል። ሊቶግራፍ፣ ማለትም ከድንጋይ ላይ የሚታተመው፣ ቅባት ባለው እርሳስ ስለሚሰራ ጥላው ለስለስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ የከሰል ስዕል ይመስላል። በ1920 አካባቢ የጀርመናዊውን አርቲስት የባርላኽን የእንጨት ህትመቶች አይታ እሷም ወደ እንጨት ህትመት ገባች፣ እዛ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፣ ተፍቆ የወጣው ነጭ ይሆናል፣ ያልተነካው ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ማለትም እንጨት ላይ የፊቷ ብርሃን በሙሉ በቢላ የተፈለፈለ ነው፣ እያንዳንዱ ነጭ ጭረት የእጅ ጉልበት አለበት፣ ይሄን ካወቃችሁ በኋላ ፊቱን እንደበፊቱ አታዩትም።

ሶስተኛ፣ ቀኝና ግራዋን አይቶ መፍረድ። መስታወት እያየች ቀጥታ ብረቱ ላይ ወይ እንጨቱ ላይ ስትሰራ መስታወቱ የገለበጠውን ህትመቱ መልሶ ያቃናዋል፣ ስለዚህ ሰው ፊት ለፊት ሲያያት እንደነበረችው ነው የምትወጣው። ሊቶግራፍ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ወረቀት ላይ ስላ ወደ ድንጋይ ታስተላልፍ ነበር፣ ያኔ መስታወቱ ውስጥ እንዳየችው ይቀራል። የትኛው እጇ እንደሆነ ከመናገራችሁ በፊት እንዴት እንደተሰራ ጠይቁ።

በስልክ ብቻ አይቶ መወሰንም ጥሩ አይደለም፣ ስክሪኑ ጥቁሩን ያደነዝዘዋል። ኮሎኝም በርሊንም በስሟ ሙዚየም አለ፣ ጀርመን ያላችሁ ሂዱና እዩ።

የመጨረሻው፣ "የራስ ምስል" የሚል ርእስ ያለውን ብቻ መፈለግ። ሞት የሚለው ስምንት ሊቶግራፍ ያለው ስራዋ በ1930ዎቹ፣ ናዚዎች አባል ከነበረችበት የበርሊን የስነጥበብ አካዳሚ ካስወጧት በኋላ የተሰራ ነው። ከነሱ አንዱ "የሞት ጥሪ" ይባላል፣ ስሟ ርእሱ ላይ የለም፣ ፊቱ ግን የራሷ ነው። ከጎን አንድ እጅ ብቻ ይመጣና ትከሻዋን ነካ ያደርጋታል፣ የእጁ ባለቤት አይታይም። እሷ አልደነገጠችም፣ የራሷን እጅ ግማሽ ድረስ አንስታለች፣ ልክ ስራ ላይ እያለች ሰው እንደጠራት።