የሮዛን ሶሎ ስትማሩ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

የዴንማርኩ የባሌት ቀማሪ ኦገስት ቡርኖንቪል «የጄንዛኖ የአበባ በዓል» የተባለውን ባሌት በኮፐንሃገን ሮያል ቲያትር ለመድረክ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1858 ነው። ታሪኩ የሚካሄደው ሮም አጠገብ ባለችው በጄንዛኖ ነው። ዛሬ በብዛት የሚታየው ሁለቱ ፍቅረኞች፣ ሮዛና ፓውሎ፣ የሚደንሱት ክፍል ሲሆን የባሌት ተማሪዎችም የሮዛን ሶሎ፣ ማለትም ብቻዋን የምትደንሰውን ክፍል፣ ይወዱታል። ሲያዩት ቀላል ነው። ሲሞክሩት ግን ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ድካሙ ደግሞ ፈጽሞ መታየት የለበትም። አብዛኛው ስህተት የሚመጣውም ከዚሁ ነው።

መጀመሪያ እጃችሁን ተዉት። ብዙ ሰው ከፍ ብሎ ለመዝለል ክንዱን ወደ ላይ ይወረውራል። በቡርኖንቪል ስልት ክንድ አብዛኛውን ጊዜ ከጭን ፊት ለፊት ዝቅ ብሎ፣ ክብ ሆኖ ይቀመጣል፤ ዝላዩን የሚሠራው እግር ብቻ ነው። ትከሻችሁ ከተነሣ ተመልካቹ ልፋታችሁን አየ ማለት ነው፣ በቃ።

ሁለተኛው፣ እኔ ከሁሉም የከፋ የምለው፣ ዝላዩን ጨርሶ ማረፍ ነው። እዚህ ዳንስ ላይ ማረፊያ የለም! የወረዳችሁበት ፕሊዬ (የጉልበት መታጠፍ) ራሱ የሚቀጥለው ዝላይ መነሻ ነው። እግራችሁን ልብ ብላችሁ እዩት፦ መጀመሪያ ጣት፣ ቀጥሎ የመዳፉ ፊት፣ ከዚያ ተረከዝ መሬት ይነካል፣ ጉልበት ይታጠፋል፣ እና ሳይቆም ወዲያው ይገፋል። ተረከዙ አየር ላይ ከቀረ ዝላዩ ያጥራል፣ ባታችሁ ይደነድናል፣ የተረከዝ ጅማትም ይጎዳል። ጫማችሁ መሬቱን ጧ ካደረገው ወይ ፕሊዬው ደረቅ ነው፣ ወይ ደክሟችኋል፤ ደክሟችሁ ከሆነ አቁሙ፣ ነገም ቀን ነው።

ሙዚቃውን አዝግሞ መዝለልም አይጠቅምም። ነገሩ ግራ ያጋባል፣ ምክንያቱም ሁሌም «ቀስ ብለህ ተማር» ነው የሚባለው፤ ግን ሙዚቃው ሲዘገይ ፕሊዬ ውስጥ ትቆያላችሁ፣ የእግር መንጠር ይጠፋል፣ ሰውነታችሁም ያንን ክብደት ይለምዳል። ቅደም ተከተሉን ሳትዘሉ በእርምጃ ቀስ ብላችሁ ያዙ። መዝለል ስትጀምሩ ግን በትክክለኛው ፍጥነት፣ ትንሽ ትንሽ እየቆረጣችሁ ይሁን።

ከቪዲዮ የምትማሩ ደግሞ ግራና ቀኛችሁን አረጋግጡ። ዳንሰኛዋ ወደ ካሜራው ዞራ ስትደንስ ቀኟ ያለው በእናንተ ግራ በኩል ነው። እንደ መስታወት ከቀዳችኋት ሙሉ ሶሎው ተገልብጦ ይገባችኋል፣ አንዴ ከለመዳችሁት በኋላ ማስተካከል ደግሞ እንደ አዲስ ከመማር ይብሳል።

እግርን እስከ ጆሮ ማንሣት የዘመናችን ልማድ ነው። በቡርኖንቪል ዘመን አራቤስክ፣ በአንድ እግር ቆሞ ሌላውን ወደ ኋላ መዘርጋት፣ ዝቅ ያለ ነበር። እዚህ ከፍ ካደረጋችሁት የወገባችሁ ቅርጽ ይበላሻል፣ ቀጣዩም እርምጃ ያመልጣችኋል።

በመጨረሻ ዓይን። መሬት መሬት ማየት አንድ ነገር ነው፤ ትከሻን ዘወር፣ አንገትን ዘንበል አድርጎ የሚሠራውን እግር ማየት ግን ሌላ ነው፣ የዚህ ስልት ውበትም አለበት። ከዚያ ቀና በሉ። ፓውሎ መድረኩ ላይ ባይኖርም የት እንደቆመ ወስኑ፣ ፈገግታውም ወደዚያ ይሂድ። ሮዛ የምትደንሰው ለዳኛ አይደለም፣ ለሱ ነው።